አገጫቸው ሥር የሚያብጥ የዋሸራ በጎች

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ሐይቁ ዳር 12 የዋሸራ በጎች አሉኝ። ሐምሌ ላይ የትል ክኒን (አልቤንዳዞል) ሰጥቻቸው ነበር። አሁን በጥር አራቱ ከስተዋል፤ ማታ ከግጦሽ ሲገቡ አገጫቸው ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት አለ። ጎረቤቶቼ «ይህ ዝርያ ለሐይቅ ዳር አይሆንም፣ ሽጠህ ሌላ ግዛ» ይሉኛል። ደግሞስ እምቦጭ ባበላቸው ይጠቅማል?

መልስ፦ እባክዎ አይሽጧቸው። ዋሸራ መንታ የሚወልድ፣ ቶሎ የሚያድግ የአገራችን በግ ነው። ጥፋቱ የግጦሹ ነው፤ ሌላ ዝርያ ቢገዙም እዚያው ሣር ላይ ከዋለ ይታመማል።

ምልክቱ የጉበት ትልን ያስጠረጥራል። የትሉ እንቁላል ከበጠጥ ጋር ረግረግ ውስጥ ይወድቃል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውሃ አጠገብ ያለ ሣር ላይ ይጣበቃል። ክረምቱ አልፎ የሐይቁ ውሃ ወደ ኋላ ሲሸሽ ባሕር ሸሹ (ውሃው የለቀቀው መሬት) ላይ ለምለም ሣር ይቀራል። ሌላው መስክ ሲደርቅ በጎቹ ወደዚያ ይሮጣሉ፤ ትሉን የሚያነሡትም ያኔ ነው።

የሐምሌው ክኒን ከዚህ አይጠብቅም፤ በሰውነት ውስጥ አይቆይም። አሁን ቢደግሙትም አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ብቻ ነው። ጉበት ውስጥ የሚዞረው ጫጩት ትል ይተርፋል፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም እንቁላል ይጥላል። ጫጩቱንም የሚገድለው ትሪክላቤንዳዞል ነው፦ በኪሎ 10 ሚሊግራም፣ ለ30 ኪሎ በግ 300 ሚሊግራም። ክብደቱን በዓይን አይገምቱ፣ ይመዝኑ። መጠኑ ሲያንስ ትሉ መድኃኒቱን ይለምዳል። መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ለስንት ቀን እንደማይታረዱም ከማሸጊያው ያንብቡ።

ከመስጠትዎ በፊት ግን የዓይን ቆባቸውን ገልብጠው ይዩ። ከነጣ፣ ደም የሚመጥ የጨጓራ ትልም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ትሪክላቤንዳዞል አይነካውም። ስለዚህ ትኩስ በጠጥ ለእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱና በማዝቀጥ (በውሃ ተበጥብጦ ከሥር የሚዘቅጠውን በማየት) ጭምር እንዲመረመር ይጠይቁ። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ነው፤ በማንሳፈፍ (ከላይ የሚንሳፈፈውን በማየት) ብቻ ከታየ ያመልጣል።

ለከርሞ ትሪክላቤንዳዞሉን ኅዳር መጨረሻ ወይም ታኅሣሥ ላይ ይስጡ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አልቤንዳዞል በኪሎ 7.5 ሚሊግራም ይበቃል፤ እንቁላሉ ረግረግ ሳይደርስ ይቆማል። አውራ ከወጣባት አንድ ወር ላልሞላት እናት በግ ግን አልቤንዳዞል አይስጡ፣ ጽንሱን ይጎዳል። ባሕር ሸሹን በእሾህ አጥር ይከልሉት። ሣሩን አጭደው በፀሐይ እስኪንኮሻኮሽ ካደረቁት መልካም ድርቆሽ ይወጣዋል፤ እርጥቡ ከተከመረ ግን ትሉ በሕይወት ይቆያል። ውሃም ከጉድጓድ ቀድተው በገንዳ ያጠጧቸው።

እምቦጭ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ በግ ጠግቦበት ይከሳል። በዚያ ላይ ቀንድ አውጣውና ትሉ ይጣበቁበታል። ቢሰጡም ሥሩን ቆርጠው፣ ቅጠሉን በደንብ አድርቀው፣ ከጤፍ ገለባና ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅለው ጥቂት ብቻ። ለከሱት አራቱ ፋጉሎና ፍሩሽካ ይሻላቸዋል።