የተዛነፈው የሸሚዝ ቁልፍ

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። በሥራው እድገት ካገኘ ወዲህ ቤት የሚገባው ልጃችን ከተኛች በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዲገባው ብዬ በሥራ ተጠምዶ ቤቱን ስለዘነጋ አባት የሚተርከውን «ክሬመር ቨርሰስ ክሬመር» የተባለውን ፊልም አብረን አየን። ሲያልቅ ግን «ሰውዬው የሚለፋው ለማን ሆነና?» ብሎኝ ተነሣ። ይኸው እስከ ዛሬ ተኳርፈናል። በቀደም ጠዋት እንኳ ልጃችንን ሲያለብሳት የሸሚዟን ቁልፍ አዛንፎ ስለቆለፈው ፈትቼ ደግሜ ብቆልፍላት ተቆጥቶ ወጣ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፊልሙን የመረጥሽው ለመዝናናት አልነበረም፤ እሱም ይህ የጠፋው አይመስለኝም። ክስ እንደቀረበበት ሰው ተከላከለ። «ለማን ሆነና» ያለውንም ማምለጫ ብቻ አድርገሽ አትውሰጂው። ፍቅሩን በልፋቱ የሚገልጽ ሰው ልፋቱ ሲነቀፍ ፍቅሩ የተነቀፈ ያህል ይሰማዋል።

ፊልሙን እኔም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በዚህ ፊልም ደስቲን ሆፍማን የሚጫወተው ቴድ፣ ሚስቱ ጥላው በሄደች ማግስት ለልጁ በእንቁላል የተነከረ ዳቦ ሊጠብስ ይሞክራል። እንቁላሉን የመታው በኩባያ ነውና ዳቦው አልገባ ሲለው አጥፎ ይጨምረዋል፤ መጥበሻው እጁን ያቃጥለዋል። ወደ መጨረሻው ያንኑ ቁርስ አባትና ልጅ ሲያዘጋጁ ቃል ሳይለዋወጡ ይግባባሉ። ቴድን ምክርና ወቀሳ አልለወጠውም። ኃላፊነቱ በእጁ ላይ ወደቀ፤ ያበላሸውን ከኋላው ቆሞ የሚያርምለትም አልነበረም። (ጥለሽው ሂጂ ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ ቴድ ሥራውንም አጥቷል፣ ፍርድ ቤትም ቆሟል።)

ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ የሸሚዙ ቁልፍ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። ሳራ አለንና አላን ሆኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት «የእናት በር ጠባቂነት» ብለው የጠሩት ነገር አለ፤ እናት አባትየው በቤትና በልጅ ሥራ እንዳይሳተፍ የምታግድበት ሁኔታ ማለት ነው፤ ባል የሠራውን «በደንብ አልተሠራም» ብሎ ደግሞ መሥራት አንዱ ምልክቱ ነው። ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ እያልኩ አይደለም። ልጁን ነቅታ ሳያያት የሚያድረው እሱ ነው፤ ይህን ሁሉ በአለቃው ማሳበብ አይችልም። ነገር ግን ቤት ውስጥ የሚሠራው ሁሉ የሚታረምበት ሰው፣ ሥራው ወደሚመሰገንበት ቦታ ማድላቱ አይቀርም።

ኩርፊያውን አንቺ ፍቺው፤ «በፊልሙ ልከስህ ፈልጌ ነበር» ብለሽ ጀምሪ። ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ቢወጣ ምን ይደርስብኛል ብሎ እንደሚፈራ ጠይቂው፤ እስኪጨርስም መልስ አትስጪ። ፍርሃቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ በልማድ የተሸከመው ብቻ ሆኖ ሊያገኘውም ይችላል።

ጠዋት ልጅቷን ማልበስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእሱ ይሁን። አንቺ ሌላ ክፍል ሁኚ። ቁልፉ ከተዛነፈም ተዛንፎ ትሂድ፤ ልጅቷ ራሷ ትነግረዋለች።