ወረቀቱ 240 ይላል፣ ጎሚስታው 40 ይሞላል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከኮምቦልቻ ደሴ ሚኒባስ እሠራለሁ። የሹፌር በር ሥር የተለጠፈው ወረቀት ለጎማው 240 ኪሎ ፓስካል ይላል። የጎሚስታው ጌጅ ግን በፒ ኤስ አይ ነው፣ ሁሌም 40 አድርጎ ይሞላልኛል። ረዳቴ ደግሞ "2.4 ባር ነው" ብሎ ይሟገተኛል። ማን ነው ልክ? አንድ ቀን ደግሞ ጠዋት 35 አስሞልቼ ወጥቼ ደሴ ስደርስ 39 አነበበ። ማስተንፈስ ነበረብኝ?

መልስ፦ ረዳትህ ልክ ነው፣ ምሳ ጋብዘው። 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል ነው፣ ስለዚህ 240 ለ100 ሲካፈል 2.4 ባር፣ አለቀ። ፒ ኤስ አይ ግን የእንግሊዞቹ ልኬት ነው፤ በአንድ ካሬ ኢንች ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚጫን ነው የሚነግርህ፣ እሱም ከሜትርና ከኪሎ ጋር በሙሉ ቁጥር አይገጥምም። 1 ባር 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው። ስልክ ሳታወጣ ለማስላት ባሩን አንዴ በ10፣ አንዴ በ4 አባዛ፣ የባሩን ግማሽ ጨምርና ሦስቱን ደምር። ለ2.4 ሲሆን 24፣ 9.6 እና 1.2፤ ድምሩ 34.8። 35 በለው። ወደ ኪሎ ፓስካል ለመመለስ ፒ ኤስ አዩን በ7 አባዛው፤ 40 ሲባዛ 280 ይመጣል፣ ትክክለኛው 276 ነው፣ ለጎማ ይበቃል።

እንግዲህ ጎሚስታው 5 ፒ ኤስ አይ አትርፎ እየሞላልህ ነው። ምናልባት ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ይሆናል፤ እሱ ግን ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ልክ እንጂ ለመኪናህ የታዘዘው አይደለም። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሃሉ ቶሎ ይበላል፣ መንገድ የሚነካበት ቦታም ይጠባል፤ በክረምት የሐረጎን ቁልቁለት በዝናብ ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። በነገራችን ላይ የጌጁን ፊት ጠጋ ብለህ እየው፣ ብዙዎቹ ሁለት መስመር ቁጥር አላቸው፣ አንዱ ባር ሌላው ፒ ኤስ አይ። ያኔ ሒሳቡም አያስፈልግህም።

ደሴ ላይ ላየኸው 39 አታስተንፍስ! ጌጅ የሚለካው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ሽቅብ ስትወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ንባቡ ትንሽ ይጨምራል። ግን ይሄ 1 ፒ ኤስ አይ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ነው፤ ጎማው ዳገቱን ሲወጣ ግሏል። ያኔ ካስተነፈስከው ማታ ሲበርድ ከ35 በታች ይወርድብሃል። መለካት ያለብህ ጠዋት፣ መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። የእናቴ የደም ግፊት 140 በ90 ተባለ። ይሄ ከጎማ ግፊት ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ ሁለቱም ግፊት ናቸው፣ መለኪያው ብቻ ይለያል። የደም ግፊት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው የሚነበበው፤ 140 ወደ ፒ ኤስ አይ ሲቀየር 2.7፣ ወደ ባር ደግሞ 0.19 ገደማ ነው። አንቺ ግን ለመቀየር አትድከሚ። 140 በ90 ከፍ ያለ ነው፣ እናትሽን እንደገና አስለኪያቸውና ሐኪም ያናግሩ።