በ1840 የእንግሊዝ ገጠር ሌባው በስንት ሰዓት እንደገባ ለምን ይጠየቃል?

ነገሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የምትተረጉመው መዝገብ ሌባው የገበሬውን መስኮት ሰብሮ የገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው ይላል ብለሃል፤ በ1837 የወጣው ሕግ ደግሞ ለከባዱ ወንጀል፣ ለሌሊት ቤት ሰበራ፣ "ሌሊት" የሚለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በግማሽ ሰዓት ተረፈ፣ ክሱ ወደ ቀን ቤት ሰበራ ወረደለት። ሰዎቹ ሻማ አብርተው ራት እየበሉ ቢሆን እንኳ በሕጉ ገና ቀን ነው፣ ይገርማል።

"ፖሊሱስ የት ሄደ?" ላልከው፦ ብዙ መንደር ደሞዝተኛ ፖሊስ አልነበረውም። አውራጃዎች ሁሉ የግድ እንዲያቋቁሙ የታዘዙት በ1856 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ተራ የደረሰው የአጥቢያ ሰው ነው፣ እርሻውን ትቶ ሌባ የሚያሳድድ። ሌባው መጀመሪያ የሚቀርብለት ዳኛም ብዙ ጊዜ ባለመሬቱ ወይም ቄሱ ነበር። ከሳሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የተሰረቀው ሰው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ አንዴ የእንግሊዞቹን የምሽት 9 ሰዓት (የኛን ምሽት 3 ሰዓት) "9 ሰዓት" ብዬ እንዳለ ገልብጬ አንባቢ "በጠራራ ፀሐይ ምን ሌሊት አለ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሰዓቱን ወደኛ መልሰው፣ ዓመቱን ግን በነሱ አቆጣጠር እንዳለ ተወው።