የሙያ ምክር፦ ድርቅና አንበጣ ድንበር ሲሻገሩ ሥራው የማን ነው?

ጠያቂዬ ከስድስት ኪሎ በፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተመርቃለች። አሁን ስታዲየም አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ ስላለው ከናይሮቢ፣ ከጅቡቲ፣ ከካምፓላና ከሞቃዲሾ የሚመጡ ባለሙያዎች ስለ ድርቅ፣ ስለ ወረርሽኝና ስለ ድንበር ሲመክሩ ታያለች። የጻፈችልኝን ላሳጥረው፦ «እኔም ጎረቤት አገሮችን በጋራ በሚያሰጓቸው ነገሮች ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ግን ‹ደኅንነት› ስል ቤተሰቦቼ ስለላ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ለአፍሪካ ኅብረትም ለተመድም ደጋግሜ አመልክቼ መልስ አላገኘሁም። ማስተርስ ልቀጥል ወይስ ሌላ መንገድ አለ? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ቤተሰቦችሽን አረጋጊያቸው። ይህ ሥራ መሣሪያ የሚያስይዝ አይደለም። ዝናብ ሲቀር፣ አንበጣ ሲነሳ፣ ወንዝ ሲሞላ፣ ከብትና ሰው ሲታመም አገር ለአገር የሚነጋገሩት የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ሰዎችና የውኃ መሐንዲሶች ናቸው። በእኛ አካባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጋራ ድርጅት የሆነው ኢጋድ ዛሬ ስሙ የሚነሳው ከሰላም ድርድር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ሲቋቋም ግን የተሰጠው ሥራ ድርቅና ልማት ነበር። የ77ቱ ረሃብ ነው የወለደው።

አሁን ወደ ማመልከቻዎችሽ ልምጣ። የላክሽልኝን ሲቪ አየሁት። «በአፍሪካ ቀንድ ሰላምና ደኅንነት ላይ ጥልቅ ፍላጎት ያላት» ይላል። ይህን አውጪው። እንዲህ የሚል ሲቪ በየቢሮው ተከምሯል። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው የትኛውን ስጋት፣ የትኛውን ድንበር እንደምታውቂ፣ በእጅሽ ምን መሥራት እንደምትችይ ነው። ሲቪሽ ለዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ዋናው ምክሬ አንድ ስጋትና አንድ ድንበር ምረጪ፣ እነሱን ደግሞ ጠንቅቀሽ እወቂ የሚል ነው።

አንበጣን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች ሰው በማይኖርበት የዓረብ በረሃ ላይ ከባድ ዝናብ ጣሉ። አንበጣው ማንም ሳያየው እዚያ ተራባ። የመን ጦርነት ላይ ስለነበረች የሚገታው አልነበረም። በ2019 ባሕሩን ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ፤ በዓመቱ መጨረሻ ኬንያ ደረሰ። ኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረራ አላየችም ነበር። በጥር 2020 ድሬዳዋ ሊያርፍ የነበረ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን መንጋው መስታወቱን ሸፍኖት አዲስ አበባ መጥቶ አረፈ። አንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የ35 ሺህ ሰው ምግብ ያህል ይበላል። ነፋስ ካገዘው በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ ሶማሌ ክልል ያለ የግብርና ባለሙያ ዛሬ ያየውን ዛሬውኑ ካላስተላለፈ፣ ከድንበሩ ማዶ ኬንያ፣ ማንዴራ ላይ ያለው ገበሬ ሳያውቀው ይደርስበታል።

ለዚህ የጋራ ድርጅት አለ። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ አዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ነው የተቋቋመው። ችግሩ፣ አንበጣው ለዓመታት ሲጠፋ በጀቱም ልምድ ያለው ባለሙያም አብሮ ይጠፋል። መንጋው ሲመጣ አውሮፕላንና ኬሚካል ፍለጋ ሩጫ ይሆናል። በዚያ ወረራ ጊዜ ብዙ ከጠቀሙት ነገሮች አንዱ፣ የመስክ ሠራተኛ ያየውን ከነቦታው የሚልክበት የስልክ መተግበሪያ ነበር። ግን የተላከው መረጃ ብቻውን ምንም አያደርግም። ካርታ ላይ የሚያስቀምጠው፣ ካርታውን ደግሞ ለውሳኔ ሰጪ የሚገባ አንድ ገጽ አድርጎ የሚጽፈው ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የግድ የነፍሳት ሊቅ መሆን የለበትም። አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

የጎረቤቶች ትብብር ወሬ ብቻ ነው የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ «ደስታ» ስለሚባለው የከብት በሽታ ንገሪው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ የመጣው ይህ በሽታ በሬውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም አልጠፋም ነበር። ከብት ድንበር ስለማያውቅ አንድ አገር ብቻውን ቢከትብ ትርፉ ድካም ነው፤ ስለዚህ አገሮቹ በአንድ ዘመቻ ሠሩ። የእንስሳት ሐኪም መድረስ በማይችልባቸው እንደ አፋር ባሉ ቦታዎች ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሰጥቶ አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ከተቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው የጠፋ በሽታ ነው። የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚፈትሸው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም ያለው ቢሾፍቱ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስናገር ሁልጊዜ እኮራለሁ፤ በእኛ መንደርም የተሠራ ሥራ ለዓለም ተርፏል።

የሚከብደው ሌላ ነው፤ የተማርሽው ትምህርት የሚፈለገውም እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሳዑዲ ዓረቢያ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሚባለው የእንስሳት በሽታ ምክንያት ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ማስገባት አቆመች። በሶማሊያ ላይ የነበረው እገዳ የተነሳው በ2009 ነው። ያን ሁሉ ዓመት በግና ግመል ሸጦ የሚኖር ቤተሰብ ገበያ አጣ። አሁን ራስሽን አንድ የመንግሥት ኃላፊ ቦታ ላይ አስቀምጪ። ላቦራቶሪው በሽታ አገኘሁ አለሽ። ለጎረቤት አገር ትነግሪያለሽ ወይስ ሌላ ምርመራ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ? ለሰው በሽታ ሕግ አለ፤ ለዓለም ሊያሰጋ ይችላል የተባለ ወረርሽኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት መነገር አለበት። ሆኖም የተናገረው አገር ሲቀጣ፣ ዝም ያለው ሲጠቀም ከታየ ሕግ ብቻውን አፍ አያስከፍትም። ኃላፊው ለምን እንደሚፈራ፣ ፍርሃቱን ምን እንደሚያቀልለት ማወቅ የፖለቲካ ሳይንስ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን አልተማረም። አንቺ ተምረሻል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው በሽታ) ታማሚዎች የተገኙት ሞያሌ ነው። ከተማዋ ለሁለት አገር ናት፤ ሰው ለገበያና ለለቅሶ ሲሻገር ይውላል። እንዲህ ባለ ቦታ የእኛ ወገን የጤና ባለሙያ የማዶውን በስሙ የሚያውቀውና ማታም ቢሆን የሚደውልለት ከሆነ፣ ደብዳቤው በሁለት ዋና ከተማ እስኪዞር አይጠበቅም። ይህን ዓይነት ግንኙነት የሚያበጅና እንዳይቋረጥ የሚከታተል ሰው በየፕሮጀክቱ ይፈለጋል። በማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ «አስተባባሪ» ተብሎ ይወጣል፤ ስሙ ቀላል ስለመሰለሽ አትለፊው።

ታዲያ በየት ይገባል? በሜክሲኮ በኩል ወደ አፍሪካ ኅብረት፣ በካዛንቺስ በኩል ወደ ተመድ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ብቻ አትመልከቺ። ክፍለ አህጉራዊ ድርጅቶች የሚወስዱት በአብዛኛው አገር ውስጥ ሠርቶ የታወቀ ሰው ነው። ስብሰባ ሲጠራም አገሩን ወክሎ የሚሄደው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ወይም የግብርና ሚኒስቴር ባለሙያ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን በሩ ይህ ነው። እርግጥ ከ18 እስከ 35 ዓመት ላሉ ወጣቶች የአፍሪካ ኅብረት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም አለ፤ ማስታወቂያው ሲወጣ አመልክቺ፣ ቁጭ ብለሽ ግን አትጠብቂው። ገንዘብ ተቀብዬ ኅብረት ወይም ተመድ አስገባሻለሁ የሚል ደላላ ከመጣ አጭበርባሪ ነው። ለማመልከቻ ክፍያ የለም።

መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች (መያዶች) ዘንድ ያለውንም በግልጽ ልንገርሽ። የአሜሪካ እርዳታ እ.ኤ.አ. በ2025 ከተቋረጠ ወዲህ ብዙ ልምድ ያላቸው ሰዎች ሥራ አጥተዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ቦታ የምትወዳደሪው ከእነሱ ጋር ነው። ሞያሌ፣ ጎዴ፣ ዶሎ አዶ ሲሆን ግን የሚያመለክተው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ቤተሰብሽ ከፈቀደ፣ የቦታውን ጸጥታም አጣርተሽ፣ አንድ ሁለት ዓመት ውጪ። ማስተርሱ ከዚያ በኋላ ይሁን። ድንበር ላይ ሠርታ የምትማር ሰው ምን መጠየቅ እንዳለባት ታውቃለች። ያኔ እዚያው ስድስት ኪሎ ያለው የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ወይም ባሕር ዳር የሚሰጠው የአደጋ ሥራ አመራር ትምህርት ይጠቅምሻል።

ቋንቋም አለ። አማርኛና እንግሊዝኛ አለሽ። ሞያሌን ከመረጥሽ አፋን ኦሮሞ በሁለቱም ወገን ያግባባል። ጎዴን ከመረጥሽ ሶማልኛ ግድ ነው። ለጅቡቲ ፈረንሳይኛ ጥሩ ነው። ሁሉንም አትጀምሪ፤ ድንበሩ ቋንቋውን ይመርጥልሽ።

እስከዚያው ከሆቴሉ ሳትወጪ የምትጀምሪው ሥራ ልስጥሽ። ናይሮቢ አጠገብ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከየዝናቡ ወቅት በፊት፣ ለመላው አካባቢ የጋራ ትንበያ ያወጣል። በነፃ ይገኛል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ የዘገየው እርምጃው ነው። የሚቀጥለውን ትንበያ አንብቢና ለቦረናና ከማዶ ኬንያ ውስጥ ላለው ለማርሳቢት ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ወር ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድ ገጽ ጻፊ። ካርታውን ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ራስሽ ሥሪው፤ ትምህርቱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል። ሸበሌን ከመረጥሽ ደግሞ ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ የዘነበው ሶማሊያ ውስጥ ያለችው በለድወይን ከተማ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ፈልጊ። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ያ ወንዝ ከተማዋን አጥለቅልቆ ከ200 ሺህ በላይ ሰው አፈናቅሏል።

የሆቴሉ እንግዶች ለሻይ ሲወጡ ስለ ሥራቸው አንድ ጥያቄ ብትጠይቂ ነውር የለውም፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ያወሩሻል። ሲቪ ግን አታቀብያቸው። ከእንግዳ መዝገብ ላይ ስልክ ቁጥር ወስደሽም እንዳትደውዪ፤ አሁን ያለሽን ሥራ ታጪበታለሽ፣ ስምሽም ይበላሻል።

ያችን አንድ ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አርሜ እመልስልሻለሁ። ከሲቪሽ ጋር አያይዘሽ የምትልኪው እሷን ነው። የመስክ ሥራ ካገኘሽ ደግሞ ከመፈረምሽ በፊት የውሉን ዘመን እይ፤ የመስክ አበልና የቤት ኪራይ ከደመወዙ ውጪ መሆኑንም በጽሑፍ ይስጡሽ።