ብላይንድሱ አልወርድም ስላላቸው ጠያቂ እኅት

እኅቴ፣ ከአፓርታማዎ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀርዎት የሳሎኑ ብላይንድስ (በገመድ የሚወጣና የሚወርድ የመስኮት መሸፈኛ) ግማሽ ላይ ተንጠልጥሎ አልወጣም አልወርድም እንዳለዎት፣ የአከራዩ ቢሮም «ይቀየራል፤ ከዲፖዚትዎ (ሲገቡ በመያዣነት ካስያዙት ገንዘብ) ይቆረጣል» እንዳለዎት ጽፈዋል። እኔ በዚሁ ጉዳይ ሜሪላንድ ውስጥ ከአከራይ ቢሮ ጋር ተሟግቼ ገንዘቤን ስላስመለስኩ፣ እርስዎም እዚሁ እንዳሉ ቆጥሬ እጽፋለሁ።

1. ገመዱን ቁልቁል እየጎተቱ አይታገሉት። ገመዱ ከላይ ባለው ረጅም የብረት ሳጥን ጫፍ በምትገኝ ትንሽ መቆለፊያ ውስጥ ያልፋል፤ እዚያ ያለች ጥርሳም ፒን ናት የምትይዘው። አቧራ ሲሞላባት ወይም ገመዱ ተበልቶ ሲተረተር ትነክስና አትለቅም። ገመዱን ወደ መስኮቱ መሐል አግድም ሳብ አድርገው ቀስ ብለው ይልቀቁት።

2. እምቢ ካለ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ በመቆለፊያዋ ክፍተት አስገብተው ፒኗን ወደ ላይ ገፋ ያድርጓት፤ ብዙ ጊዜ በዚህ ትለቃለች። ዘይት አይቀቧት፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ጨርቁንም ገመዱንም ያቆሽሻል፤ የግድ ከሆነ ደረቁ የሲሊኮን ስፕሬይ ይበቃል። ገመድ አልባው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጣጣው የስፕሪንጉ ነው፤ የታችኛውን ዘንግ በሁለት እጅ ይዘው እስከ መጨረሻው ያውርዱት፣ ከዚያም ግራና ቀኙን እኩል አድርገው ያንሱት፤ ይህንኑ ይደጋግሙት። ትናንሽ ልጆች ካሉዎት ግን ባለ ገመዱን ለመጠገን አይድከሙ። ልጅ አንገቱን ሊያስገባበት ስለሚችል፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ተዘጋጅተው የሚሸጡት ብላይንድሶች ገመድ አልባ ወይም ገመዳቸው እጅ የማይደርስበት እንዲሆኑ ተደርጓል፤ እንዲተኩልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ።

3. ምንም ከመንካትዎ በፊት ፎቶና ቪዲዮ ያንሱ። (ይህ በተራ ቁጥር አንድ መሆን ነበረበት።) እኔ ስጠራው የመጣው የጥገና ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ አየና፣ ካቻቢቴ እንኳ ከኪሱ ሳያወጣ «ሙሉ በሙሉ ይቀየራል» ብሎ ሄደ። ማታ ራሴ አውርጄ ከፈትኩት፤ የተበላሸው ገመዱ ብቻ ነበር። 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አዲስ ገመድ ገዝቼ፣ ጫፉን ከአሮጌው ጫፍ ጋር በላይተር አቅልጬ አጣበቅሁና አሮጌውን ስስበው አዲሱ ተከትሎት በየቀዳዳው አለፈ። ሙያዬ ሒሳብ ነው፣ አናጺ አይደለሁም፤ ሆኖም ያ ብላይንድስ ቁልፍ እስካስረከብኩበት ቀን ድረስ ያለ አንዳች እንከን ሲወጣና ሲወርድ ነበር።

ይህም ሆኖ ከወጣሁ በኋላ «የብላይንድስ ቅየራ፣ ሦስት መስኮት፣ 285 ዶላር» የሚል ወረቀት ላኩልኝ። ሁለቱ መስኮቶች ተበላሽተው አያውቁም! ያው ዓይነት ቪኒል (ፕላስቲክ) ብላይንድስ ያኔ ሱቅ ውስጥ ከ20 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ቢሮ ስሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሴት ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል «ደንባችን ነው» አለችኝ፤ ደረሰኝ አሳዪኝ ብላት ደግሞ ለሚቀጥለው ሰው «ምን ልርዳዎት?» አለች። የቢሮው ደንብ ከሜሪላንድ ሕግ በላይ የሆነ መስሏት ነበር። ሕጉ ግን አከራይ በተለመደ አጠቃቀም ለመጣ እርጅና ከዲፖዚት እንዳይቆርጥ ይከለክላል፤ የሚቆርጠውንም ከነወጪው ዘርዝሮ በ45 ቀን ውስጥ እንዲልክ ያስገድደዋል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው ፍርድ ቤት እስከ ሦስት እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። ይህንኑ ጠቅሼ፣ ቀን ያለባቸውን ፎቶዎችና የገመዱን ደረሰኝ አያይዤ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩ በደረሰኝ በሚረጋገጥ ፖስታ) ላክሁ። ገንዘቡ ሳይጎድል ተመለሰ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልተጻፈበትም።

እርስዎ ገና አንድ ወር ስላለዎት ከእኔ ይሻላሉ። ቤቱ ሲፈተሽ በቦታው የመገኘት መብት አለዎት፤ ለዚህ ግን ከመውጫዎ ቀን ቢያንስ 15 ቀን አስቀድመው በሰርቲፋይድ ሜይል ማሳወቅ አለብዎት። በዚያው ደብዳቤ የሚወጡበትን ቀንና አዲሱን አድራሻዎን ይጻፉ፤ በፍተሻው ዕለትም ብላይንድሱን በፊታቸው አውጥተው አውርደው ያሳዩአቸውና ደህና መሆኑን በወረቀቱ ላይ አስፍረው እንዲፈርሙ ይጠይቁ።