ስለ ፖለቲካ ሰውን መንገድ ላይ ስንጠይቅ፦ ጥያቄና መልስ

በመሃል አዲስ አበባ ስለ ወቅታዊ የፖለቲካ ጉዳዮች የሰው አስተያየት መሰብሰብ ለዓመታት እንጀራዬ ሆኖ ቆይቷል። አንዳንዴ ለሬዲዮ ማይክ ይዤ፣ አንዳንዴ ለጥናት መጠይቅ ይዤ። «ለመሆኑ ሰው የልቡን ይነግርሻል?» የሚለኝ ስለበዛ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ አልኩ። ጠየቃችሁኝም።

ጥያቄ፦ ከምር ግን ሰው ስለ ፖለቲካ ያወራል? እኔ ብሆን ጥዬሽ ነው የምሄደው።

ጥለውኝ የሚሄዱ ሞልተዋል። «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ» ሲባል የሰማ ሰው ነው እኮ። ግን ያው ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርር ታገኘዋለህ። ስለዚህ «ስለ ፖለቲካው ምን ይላሉ?» ብዬ አልጀምርም። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ስለ «ማክሮ ኢኮኖሚ ማሻሻያው» የጠየቅኩት ሰው «ጥሩ ነው» ብሎኝ ያልፍ ነበር። «ዘይት ስንት ገባ?» ያልኩት ግን ወንበር ይስብልኛል። ከዘይት ይነሳና ራሱ ባንኩ ጋ፣ ጦርነቱ ጋ፣ መንግሥት ጋ ይደርሳል። እኔ ዝም ብዬ መጻፍ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ የት የት ነው የምትጠይቂው? ጋዜጠኞች ሁሌ አራት ኪሎ የምትቆሙት ለምንድን ነው?

ስለሚመች ነዋ። ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፣ ፓርላማው ቅርብ ነው፣ ጋዜጣ ተከራይቶ ማንበብም የሰፈሩ የቆየ ልማድ ነው። ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። አራት ኪሎ ቆሞ የሚያወራህ ሰው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፣ ብዙ ጊዜ የተማረ ነው፣ ወሬውንም ካንተ ቀድሞ ሰምቷል። ስለዚህ እበትነዋለሁ። ጠዋት ሜክሲኮና ለገሃር ሰልፉ ጋ፣ ከሰዓት ስታዲየም ዙሪያ ሱቆቹ ጋ።

ሴቶችን መንገድ ላይ አቁሞ ማነጋገር ይከብዳል። ይቸኩላሉ፤ ማይክ የያዘ ሰውም አያምኑም። እውነታቸውን ነው። ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ጋ ግን አንድ ሲኒ አዝዞ፣ ደንበኛ እስኪቀል ጠብቆ መጨዋወት ይቻላል።

ፒያሳና ካዛንቺስም ጥሩ ነበሩ። አሁን በኮሪደርና በመልሶ ማልማቱ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ስለ ቤት መፍረስ እዚያ ቆሞ መጠየቅ ማለት የሄዱትን ትቶ የቀሩትን ብቻ መስማት ነው። ይሄን ዘገባ ላይ ብዙ ጊዜ ሲዘለል አያለሁ፣ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ሃምሳ ሰው ጠይቆ «የአዲስ አበባ ሕዝብ እንዲህ አለ» ማለት ይቻላል?

አይቻልም። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ምን ምን ዓይነት ሐሳብ እንዳለ ይነግሩኛል። ስንቱ እንደዚያ ያስባል የሚለውን ግን አይነግሩኝም። እሱን የሚነግርህ በዕጣ የተመረጠ ናሙና ነው። በዕጣ ከሆነ 400 ሰው ወደ 5 በመቶ ገደማ ወዲህ ወዲያ የሚል ውጤት ይሰጥሃል፤ 1,000 ሰው ወደ 3 በመቶ ያወርደዋል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በየአገሩ 1,200 ወይም 2,400 ሰው አነጋግሮ ስለ አገር የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ ጋ የሚቸግረው ዕጣው ከየትኛው ዝርዝር ይውጣ የሚለው ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ቀጣዩ ተደጋግሞ ተራዘመ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የተቆጠረው ሰው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዛሬዎቹ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ብዙዎቹም ያኔ ገና ሰው አልገባባቸውም ነበር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኛ ቴሌግራም ላይ 20,000 ሰው ድምፅ ሰጥቷል። ከእርስዎ ሃምሳ ሰው አይሻልም?

ልጄ፣ ቻናላችሁን የሚከተለው ማን ነው? በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ መጽሔት ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በፖስታ መልሶለት በፕሬዚዳንት ምርጫው ላንደን የተባለው ዕጩ ያሸንፋል አለ። ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። መጠይቁ በብዛት የተላከው ስልክና መኪና ላላቸው ነበር፤ የመለሱትም መመለስ ያሰኛቸው ብቻ ናቸው። አመራረጡ የተዛባ ከሆነ ቁጥር ስለበዛ ስህተቱ አይታረምም።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ወይም ጥበቃ አይከለክልሽም?

ይከለክላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ማንም ሰው ያለ ጣልቃ ገብነት የመሰለውን አመለካከት መያዝና ሐሳቡን መግለጽ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጽ ጠቅሼ ጥበቃን የረታሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። የትብብር ደብዳቤ ማህተም ያለበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ጥሩ ነው» የሚልሽ ሰው ከልቡ ይሁን ከፍርሃት በምን ታውቂያለሽ?

ሁልጊዜ አላውቅም። መጀመሪያ አጠገቡ ማን እንዳለ አያለሁ። ሰብሰብ ብለው ከተቀመጡ ትልቁ ሰው የተናገረውን ሌሎቹ ይደግሙታል፤ ስለዚህ አንድ በአንድ። ሁለተኛ፣ ስለ ራሱ ሳይሆን «ሰፈርዎ ሰው ምን ይላል?» እለዋለሁ። «እኔ እንኳ አላውቅም፣ ሰው ግን…» ብሎ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ የራሱ ሐሳብ ነው። ሦስተኛ፣ «አላውቅም» እና «አልመልስም» የሚሉትን ለየብቻ እመዘግባለሁ። «ጎመን በጤና» ያለኝ ሰው የማያውቅ ሰው አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደመሩ ጥናቱ ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ከመመለሱ በፊት «ስምሽ ማን ነው?» ይለኛል። ከስሜ ብሔሬን ገምቶ ነው የሚመልሰው። ስለ ፌዴራሊዝም ወይም ስለ ጦርነት ስንጠይቅ ስማቸውና አነጋገራቸው የተለያየ ጠያቂዎችን የምናሰማራው ለዚህ ነው። የማን መልስ እንዴት እንደተለወጠ ጎን ለጎን ይታያል።

ጥያቄ፦ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። አጠያየቅ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

«የሕዳሴ ግድብ መመረቁ አላኮራዎትም?» አትበይ። ማን አላኮራኝም ይላል? «ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ በቤትዎ ምን ይለውጣል ብለው ይጠብቃሉ?» በይ። ሁለት ጉዳይም በአንድ ጥያቄ አትክተቺ። «በሰላምና በኑሮ ጉዳይ መንግሥትን ይደግፋሉ?» ከተባለ አንዱን ደግፎ ሌላውን የሚቃወም ሰው ምን ይመልስ? ስትቆራርጪም ሦስት ደጋፊ አሰልፈሽ አንዱን ተቃዋሚ መጨረሻ ላይ መለጠፍ ያው ማዳላት ነው።

ጥያቄ፦ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ ከነበረው ጋር ልዩነታችሁ ምንድን ነው?

ትልቅ ልዩነት አለን። ኮሚሽኑ በአዋጅ 1265/2014 የተቋቋመ ነው። አጀንዳ ያሰባሰበው በዋናነት ከየኅብረተሰብ ክፍሉ ከተመረጡ ወኪሎች ነው። ወኪል የወከሉትን እያሰበ ይናገራል። እኔ የምፈልገው ለራሱ ብቻ የሚናገረውን ሰው ነው። ሁለቱም ያስፈልጋል፤ አንዱ የሌላው ምትክ ነው ሲባል ግን አልስማማም።

ጥያቄ፦ የሰውየውን ስም ትይዣለሽ?

ለጥናት ከሆነ አልይዝም። ስልክም፣ ፎቶም የለም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ለምን እንደማንይዝ አብረውኝ ለሚጠይቁት ማስረዳት ቀሎልኛል።

ጥያቄ፦ ለመለሰልሽ ሰው ትከፍያለሽ?

አልከፍልም። ቡና እጋብዛለሁ፣ እሱንም መልሶ ሲጨርስ። ሊስትሮ ከሆነ ጫማዬን አስጠርጌ ሂሳቡን እሰጠዋለሁ። ክረምት ላይ ይሄ አያስቸግርም፤ ጭቃው ሞልቷል።