ስለ ታዳሽ ኃይል ለምትጠይቁኝ ወጣቶች

ዕድሜዬን የፈጀሁት በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነው። እናንተ ወጣቶች ብዙ ጊዜ «ከፀሐይ፣ ከንፋስና ከውሃ የቱ ይሻላል?» ትሉኛላችሁ። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ አስቀድሙ ባይ ነኝ። ኃይሉ የሚመጣው መቼ ነው? የሚፈለገውስ መቼ?

ፀሐይን እንይ። ነዳጅ አትጠይቅም፣ አታጨስም፣ አትንጫጫም። የፓናል ዋጋም በጣም ወርዷል። ግን ሰው መብራት የሚያበራው ሲመሽ ነው። ሌላም ብዙዎች ልብ የማይሉት ነገር አለ። ፓናል የሚወደው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። አቅሙ የሚለካው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በጠራራ ፀሐይ ፓናሉ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እስቲ አስሉት፤ ከ10 በመቶ በላይ ሄደ ማለት ነው።

ጥላንም አትናቁ። የፓናሉ ሴሎች፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ትንንሽ ክፍሎች፣ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷን የሸፈነች ቅጠል የሌሎቹንም ምርት ይዛ ትወርዳለች። ባይፓስ ዳዮድ የሚባለው፣ ኤሌክትሪኩን በተሸፈኑት ሴሎች ዙሪያ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ጉዳቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ፓናል ከመስቀላችሁ በፊት ጠዋትም ከሰዓትም ጣሪያው ላይ ወጥታችሁ ጥላው የት እንደሚያርፍ እዩ። ሶፍትዌር አለ አትበሉኝ። እሱም ይሥራ፣ እናንተም ውጡ።

የንፋስ ጸባይ ደግሞ ሌላ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ደስ ይላል። ግማሽ ሲሆን ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ይሄኛውን አንስቶ የሚያወራ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። ተርባይን፣ ማለትም ንፋስ የሚያሽከረክረው ማመንጫ፣ ከሚያገኘው የንፋስ ጉልበት ከ59.3 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችልም ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ አልበርት ቤትዝ ካሳየ መቶ ዓመት አልፏል። ከዚያ በላይ እወስዳለሁ የሚል ከመጣ ገንዘባችሁን ደብቁ።

ለውሃ ትንሽ አዳላለሁ፤ አልደብቅም። ግድብ ውሃውን ይዞ ይቆይና ሲፈለግ በደቂቃዎች ውስጥ ያመነጫል። ፀሐይና ንፋስ ሲጎድሉ ክፍተቱን ይሞላል። ጣጣውም እንደዚያው ትልቅ ነው። ሰው ከቀዬው ይነሳል። ዓሣ መንገዱ ይዘጋበታል። ደለል ዓመት ከዓመት ይከማቻል። ድርቅ ሲመጣ ምርቱ ይወርዳል። በሞቃት አካባቢ ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚበሰብሰው ዕፅዋት ሚቴን የሚባል ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ስለሚያወጣ «ንጹሕ ነው» ማለት ሁሌ አያስኬድም።

የከርሰ ምድር እንፋሎት ቀን ከሌሊት ሳያቋርጥ ይሠራል። ጣልያን ውስጥ ላርዴሬሎ በምትባል ቦታ ገና በ1904 አምፖል አብርተውበታል። ችግሩ እንፋሎቱ በሁሉም ቦታ አለመገኘቱ ነው፤ በብዙ ወጪ የተቆፈረ ጉድጓድም ባዶ ሊወጣ ይችላል።

«ባትሪ አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሊቲየም ባትሪ የቀኑን ኃይል ለማታ ለማሻገር ግሩም ነው። የበጋውን ለክረምት ላቆይ ካላችሁ ግን ዋጋው አይቀመስም። ዛሬም በዓለም ላይ ብዙውን ኃይል አጠራቅሞ የሚያቆየው፣ ውሃን በፓምፕ ወደ ላይ ገፍቶ ኋላ በተርባይን የሚለቀው የድሮው ዘዴ ነው።

ወደዚህ ሙያ ከገባችሁ፣ ሁሉም ፓናል መትከል ላይ ሲረባረብ እናንተ የኃይል ማከማቻን፣ ግሪድን (ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰውን የመስመር መረብ) እና ጥገናን ተማሩ። ያረጀ ዕቃ አወጋገድንም ጨምሩበት። ፓናል የሚያገለግለው ከ25 እስከ 30 ዓመት ያህል ነው። መስታወቱንና አሉሚኒየሙን መለየት ቀላል ነው፤ ውስጡ ያለውን ብርና ሲሊከን ማውጣት ግን ያስቸግራል። የተርባይን ክንፍም ከፋይበርና ከሙጫ ስለሚሠራ እንደ ብረት አቅልጦ መልሶ ለመሥራት አይመችም። ዛሬ የተሰቀለው ሲወርድ እናንተ ሥራ ላይ ናችሁ። ይህን የሚፈታ ኬሚስትና መሐንዲስ ሥራ አያጣም።